ጎልድ ዊንግ ሲዋልል፦ ከጎማው እስከ ፍሬን ዘይቱ

ከ400 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ሳይክል የሚነዱ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያሰሙት ቅሬታ ይመሳሰላል። ፍጥነት ሲቀንሱ መሪው ይርገበገባል። ኩርባ ላይ ፊቱ ከገባ በኋላ ኋላው ዘግየት ብሎ ይከተላል። ጋራዥ ውስጥ በእጅ ሲገፉት እንደ ድሮው አይንከባለልም። «ከባድ ስለሆነ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አለዚያም አንድ ውድ ዕቃ ተገዝቶ ይገጠምና ለሁለት ሳምንት የተሻለው ይመስላል። በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ከባድ ሞተር ክብደቱን እንዲችል ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። አነዳዱ የሚበላሸው ያረጀ፣ የላላ ወይም የጎደለ ነገር ሲኖርበት ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመጨመር በፊት ሞተሩን ወደ ነበረበት መመለስ ይቀድማል፤ መመለሱም የራሱ ተራ አለው። ተራው ከተዛባ አንዱ ጉድለት ሌላውን ይሸፍነዋል፤ ገንዘብም ያለ ቦታው ይወጣል።

እዚህ የምናገረው ስለ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ነው፤ በተለይም ከ2001 እስከ 2017 ስለተሠራው ጂኤል 1800። የጎልድ ዊንግ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በ1974 በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ኤግዚቢሽን ላይ ነበር፤ ያኔ ባለ 999 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደርና በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር። በ1988 ሲሊንደሮቹ ስድስት ሆኑ፤ በ2001 ደግሞ 1832 ሲሲ ሞተርና የአሉሚኒየም ሻሲ መጣለት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያልተለወጠው ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ መተኛታቸው ነው። ፒስተኖቹ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ስለሚሄዱ ክብደቱ ከመሬት ብዙም አይርቅም። ቆሞ የሚያስፈራው ሞተር ገና በእግር መንገድ ፍጥነት መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው። በ2018 የፊቱ አሠራር ጨርሶ ተቀይሮ ፎርኬላው (የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሁለት እግሮች) እንደ መኪና በሁለት ክንዶች ተተክቷል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ፎርኬላ የምለው ያንን አይመለከትም።

በመጀመሪያ ሁለት በሽታዎችን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በአንድ ስም ይጠራቸዋልና። አንደኛው መርገብገብ ነው። የፊቱ ጎማና መሪው ብቻ ግራ ቀኝ በፍጥነት ይመታሉ፤ በሰከንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ ይሆናል። በአብዛኛው የሚመጣው ነዳጅ ተለቆ ሞተሩ በራሱ ፍጥነት ሲቀንስ፣ ከ70 ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ ነው። ሁለተኛው መዋለል ነው። ይህ ረጋ ያለ ነው፤ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ፣ ግን የሚወዛወዘው ሞተሩ በሙሉ ነው፤ የሚታየውም በአውራ ጎዳና ፍጥነት፣ ሰፊ ኩርባ ውስጥ ወይም ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፉ ነው። መርገብገብ ሲኖር ፊቱን ይመርምሩ፦ ጎማ፣ የመሪ ኩሽኔታ፣ ፎርኬላ። መዋለል ሲኖር ከኋላ ይጀምሩ፦ የኋላ ጎማ አየር፣ የኋላ ሾክ፣ የኋላ ክንድ ኩሽኔታ፣ የጭነት አቀማመጥ። መንገድ ላይ አንዱ ቢያጋጥም መሪውን ጨምቆ መያዝም ሆነ ፍሬን ላይ በድንጋጤ መርገጥ ያባብሰዋል። ክንድን ላላ አድርጎ፣ ደረትን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ ይበጃል።

ጎማው ከሁሉም ይቀድማል። የፊቱ 130/70 አር 18፣ የኋላው 180/60 አር 16 ነው። ሆንዳ የሚያዘው አየር ለፊቱ 36 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ለኋላው 41 ፒኤስአይ ሲሆን የሚለካውም ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ነው። ነዳጅ ማደያ ደርሰው የሚለኩ ሰዎች የሚያነቡት የሞቀ ጎማ ቁጥር ነው፤ ያንን ወደ 41 ሲያወርዱት ማታ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል። በግምት የሙቀቱ መጠን በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በተለወጠ ቁጥር ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት 1 ፒኤስአይ ያህል ይለወጣል። ጥቅምት ላይ ትክክል የነበረ ጎማ ጥር ላይ፣ ምንም ሳይተነፍስ፣ 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ቢጎድለው የሚገርም አይደለም። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ ተሞልቶ ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት ወደ ዴንቨር፣ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ፣ የወጣ ጎማ ሙቀቱ ካልተለወጠ ከ2 ፒኤስአይ በላይ ጨምሮ ይነበባል። አንድ ጥሩ መለኪያ ገዝቶ ሁልጊዜ በእሱ ብቻ መለካት ከየማደያው መለኪያ ይሻላል፤ ሁለት መለኪያዎች ተስማምተው ማየት ብርቅ ነው።

ከአየሩ በኋላ የጎማውን ፊት በእጅ መዳሰስ ነው። ጓንት አውልቀው መዳፍዎን በፊተኛው ጎማ ጥርሶች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎም ወደ ሌላኛው ያንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማው ማንኪያ ማንኪያ እየሆነ ተበልቷል ማለት ነው። ጂኤል 1800 ላይ ለመርገብገብ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። የሚያመጣውም በአየር እጥረት መንዳት፣ የደከመ ፎርኬላ ወይም የላላ የመሪ ኩሽኔታ ነው። እንዲህ የተበላ ጎማ አየር ቢጨመርለትም አይመለስም፤ ጥርስ ቢቀረውም መቀየር አለበት። ሆኖም ምክንያቱ ሳይታረም አዲስ ጎማ ቢገጠም ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያው ነው። የጥርሱ ጥልቀት ከፊት ከ1.5፣ ከኋላ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች መውረድ የለበትም። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም ያንብቡ፤ 2319 ከተባለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጋራዥ ውስጥ የከረመ ሞተር ጥርሱ ሙሉ፣ ላስቲኩ ግን እንደ ሰሌዳ የደረቀ ጎማ ይዞ ይሸጣል፤ ያ ጎማ ዝናብ ላይ አይታመንም።

በጎልድ ዊንግ ነጂዎች ዘንድ «ጨለማው ወገን» የሚባል ልማድ አለ፤ ከኋላ የመኪና ጎማ መግጠም። ረጅም ዕድሜ ያለውና ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ይምሉበታል። እኔ አልመክረውም። የሞተር ጎማ ክብ የሆነው ሞተሩ ሲጋደም የሚረግጠው ቦታ እንዳይለወጥ ነው፤ የመኪና ጎማ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ሞተሩ ለማጋደም ሲሞክር በጠርዙ ይቆምና መልሶ ያቀናል። ከቸርኬው ጋር የሚያያዝበት ከንፈርም ቅርጹ የተለየ ነው። የኋላው ጎማ ላይ የሚታየው 74 ቁጥር 375 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ የፊቱ 63 ደግሞ 272 ኪሎ። በሚተካበት ጊዜ ከእነዚህ ቁጥሮች በታች አለመውረድ በቂ ጥንቃቄ ነው። ጎማው ወልቆ ሳለ የቫልቩን ግንድ አብሮ መቀየር አይርሱ፤ ርካሽ ነገር ነው፤ ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ አየሩን ቢለቅ ግን ዋጋው ሌላ ነው። የኋላው ቸርኬ እንደ መኪና በአምስት ዳዶዎች ይታሰራል፤ ልኩ 108 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው፤ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ በሁለት ዙር ያጥብቁ።

ጎማው ደህና ሆኖ መርገብገቡ ከቀጠለ ወደ መሪው ኩሽኔታ ይኬዳል። ሞተሩን በመካከለኛው መቆሚያ አቁመው ከሞተሩ ሥር በክሪክና በጣውላ የፊቱን ጎማ ከመሬት ያንሱ፤ ክሪኩ በጭስ ማውጫው ወይም በዘይት ፊልትሮው ላይ እንዳያርፍ። የፎርኬላውን ሁለት ጫፎች ከታች ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ፤ «ኳ» የሚል ትንሽ ምት ከተሰማ ላልቷል። ቀጥሎ መሪውን ከመሃል ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ። ልክ መሃል ላይ ጉድጓድ ውስጥ እንደመውደቅ ያለ ስሜት ካለ ኩሽኔታው ተበልቷል፤ ኳሶቹ ቀለበቱ ላይ የራሳቸውን መኝታ ቆፍረዋል። የላላ ኩሽኔታ በማጥበቅ ይድናል። የተቆፈረ ግን አይድንም፤ ቢያጠብቁት ጉድጓዱን ያጠልቁታል እንጂ።

መርገብገቡን ለመደበቅ ኩሽኔታውን ከልክ በላይ የሚያጠብቁ ባለሙያዎች አሉ። ለጊዜው ይሠራል፤ የጠበቀ መሪ ንዝረትን ያንቃልና። ዋጋው ግን በዝግታ ሲነዱ ይታያል። ሁለት ጎማ ያለው ነገር ቀጥ ብሎ የሚሄደው መሪው በማይታይ መጠን ግራ ቀኝ እያለ ሚዛኑን ስለሚያስተካክል ነው። ይህን ትንሽ እንቅስቃሴ ከከለከሉት ሞተሩ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደ ሰካራም ይሄዳል፤ ነጂውም ክብደቱን ይወቅሳል። የሚበጀው መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን ሲወድቅ ሳይወረወር፣ ሳይያዝም፣ በረጋ እኩል ፍጥነት የሚወርድበት ልክ ነው። ሆንዳ የገጠመው ባለ ኳስ ኩሽኔታ ሲያልቅ ብዙ ሰው በሾጣጣ ሮለር ይተካዋል፤ እኔም የምስማማበት ለውጥ ነው፤ ሮለሩ ሸክሙን በነጥብ ሳይሆን በመስመር ስለሚይዝ ቶሎ አይቆፈርም። ሲገጠም ቀለበቶቹ እስከ ታች መቀመጣቸውን በድምፅ ያረጋግጡ፤ ሲቀመጡ የመዶሻው ድምፅ ይደነድናል። ግራሶው ከውጭ ተቀብቶ ብቻ ሳይሆን በሮለሮቹ መካከል ተጭኖ መግባት አለበት። አዲስ ኩሽኔታ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ትንሽ ይላላል። መልሶ አለማየቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ሞላዎቹ። ብዙ ነጂ የኋላውን ጥንካሬ በስሜት ነው የሚያስተካክለው፤ መለኪያው ግን ሜትር ነው። መለካት ያለበት ነጂው ሲቀመጥ ሞተሩ ስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ እንደሚል ነው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሞላው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ከአክሱ መሃል ቀጥታ ወደ ላይ ባለ አንድ ምልክት ድረስ ይለኩ። ከዚያ ሞተሩን አውርደው፣ ሙሉ የመንዳት ልብስ ለብሰው፣ እግርዎን መርገጫው ላይ አድርገው ይቀመጡ፤ አንድ ሰው ሚዛን ይያዝ፣ ሌላ ይለካ። የሚለካው ሰው ሞተሩን ወደ ታች ተጭኖ ቀስ ብሎ ሲለቀው አንድ ጊዜ፣ ወደ ላይ ስቦ ቀስ ብሎ ሲለቀው ሌላ ጊዜ ያንብብ፤ የሁለቱ አማካይ ይወሰድ። ሁለቱ ንባቦች ብዙ የሚራራቁ ከሆነ አንድ ነገር እየያዘ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ምርመራ ነው። የጂኤል 1800 የፊት ጉዞ 122፣ የኋላው 105 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ነጂው ሲቀመጥ ከዚህ አንድ ሦስተኛው ገደማ ሊያልቅ ይገባል፤ ከፊት ከ35 እስከ 40፣ ከኋላ ከ30 እስከ 35።

ከኋላ 45 ወይም 50 ከወረደ የፎርኬላው ማዕዘን ይጋደማል፤ መሪው ይከብዳል፤ ሞተሩ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ መርገጫውም ቶሎ መሬት ይፍቃል። መካከለኛው መቆሚያ ላይ ማውጣት ጉልበት የሚጨርስበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የዚህ ሞተር የኋላ ጥንካሬ ከ0 እስከ 25 ባለው ቁጥር በኤሌክትሪክ ሞተር ይስተካከላል፤ ሞተሯ ዘይት ትገፋለች፣ ዘይቱም ሞላውን ይጨምቃል። ከዓመታት በኋላ ከዚህ ዘይት ጥቂቱ ይጎድላል። ምልክቱን ለማግኘት ጆሮ ይበቃል። ቁጥሩን ከ0 ጀምረው ሲጨምሩ የሞተሯ ድምፅ ከመጀመሪያው መክበድ አለበት። እስከ 10 ወይም 12 ድረስ ያለ ሸክም በቀላሉ የምትዞር ከሆነ እስከዚያ ድረስ የምትገፋው ባዶ ነው፤ 25 ሲባልም የሚገኘው የ15 ያህል ጥንካሬ ብቻ ነው። መፍትሔው ዘይቱን መሙላትና አየሩን ማውጣት ነው፤ ሾኩን መቀየር አይደለም። ሾኩ ራሱ ግን ዘላለማዊ አይደለም። ጉብታ ካለፉ በኋላ ኋላው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚነሳና የሚወርድ ከሆነ የማርገቢያው ዘይት አልቆለታል፤ ሞላውን ማጠንከር ያንን አይተካም፤ እንዲያውም ይብስበታል።

የፊቱ ፎርኬላ የተረሳ ክፍል ነው፤ ዘይቱ የሚቀየርበት ቀን በማንም ደብተር ላይ የለም። ውስጡ ያለው ዘይት ከብረት ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ ውሃ ይሆናል። ሲወጣ የሚሸት፣ የብር ቀለም ያለው ከሆነ በውስጡ ያሉት ቡሾች (እግሩ የሚንሸራተትባቸው ቀለበቶች) እየተበሉ ነው። በየእግሩ ሁለት ቡሽ አለ፤ ላያቸው በቴፍሎን የተሸፈነ ነው። ቴፍሎኑ ተፍቆ ከገጽታው ሦስት አራተኛ በላይ መዳብ ከታየ ይቀየሩ። ተከፍቶ ሳለ የዘይት ጎሚኒዎቹንም መቀየር ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ሁሉ ላለማውለቅ። የዘይቱ ከፍታ በሁለቱም እግሮች መጽሐፉ ባዘዘው ልክ መሆን አለበት፤ ከዘይቱ በላይ ያለው አየር ራሱ እንደ ሞላ ይሠራልና የአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይሰማል።

ሞላውን መቀየር ከተባለ እዚህ ላይ ነው ተራው። የፋብሪካው የፊት ሞላ ለስላሳ ነው፤ ከባድ ነጂ ወይም ሁለት ሰው ሲጫንበት ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ይሰግዳል። ሆንዳ ይህን ለማለዘብ በግራው እግር ላይ ስግደቱን የሚያግድ መሣሪያ አድርጎበታል፤ ዘመኑን ያለፈ ሐሳብ ነው፤ ትክክለኛ ሞላ ሲገጠም አስፈላጊነቱ ይቀንሳል። ሲገዙ ሞላው በነጂው፣ በተሳፋሪውና በዕቃው ክብደት ተሰልቶ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ክብደት ሳይጠይቅ ሞላ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ሳጥን ነው። ሁለቱን እግሮች የሚያያይዘው ተጨማሪ ድልድይ በሰፊው ይሸጣል። ይረዳል፣ ግን የተበላ ቡሽና የላላ ኩሽኔታ ላይ ሲገጠም ችግሩን ለስድስት ወር ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የሚዘለል አንድ እርምጃ አለ። የፊቱ አክስ ቡሎን በ59 ኒውተን ሜትር ከጠበቀ በኋላ፣ የአንዱን ጎን ማጣበቂያ ቡሎኖች ላላ እንዳሉ ትተው ፊቱን አምስት ስድስት ጊዜ በኃይል ይጫኑ። እግሩ በአክሱ ላይ የራሱን ቦታ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ነው በ22 ኒውተን ሜትር የሚጠብቁት። ይህ ካልተደረገ ሁለቱ እግሮች እርስ በርስ ይያዛሉ፤ አዲስ ሞላም ቢሆን እንደ ዱላ ይደርቃል።

ፍሬኑ ላይ ረዘም ላድርግ፤ በዚህ ሞተር ላይ ሰው ሊጎዳ የሚችልበት ቦታ ነውና። የእጁ ፍሬን የኋላውንም ይይዛል፤ የእግሩ የፊቱንም ይይዛል። ይህን የሚያገናኘው ከግራው የፊት ካሊፐር (ዲስኩን ከሚጨብጠው ክፍል) ጋር የተያያዘ ሁለተኛ ማስተር ሲሊንደር፣ ማለትም የፍሬን ዘይቱን የሚገፋ ክፍል፣ ነው። የፊቱ ፍሬን ዲስኩን ሲይዝ ካሊፐሩ በዲስኩ ዙረት ወደ ፊት በትንሹ ይጎተታል፤ ያ እንቅስቃሴ ሲሊንደሩን ተጭኖ ግፊት ወደ ኋላው ይልካል። ሲለቀቅ ዘይቱ በቀጭን ቀዳዳ ይመለሳል። የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ እንደ ስኳር ያለ ቅሪት ከሠራ ያቺ ቀዳዳ ትደፈናለች፤ ግፊቱ መመለሻ ያጣል፤ የኋላው ፍሬን ሳይነካ እንደያዘ ይቀራል። ከዚያ ሙቀት ይመጣል፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያሰፋዋል፤ የሰፋው ዘይት የበለጠ ይይዛል። ሆንዳ በዚሁ ምክንያት፣ እሳት የሚያስነሳ መሆኑ ታውቆ፣ በ2011 ከ2001 እስከ 2010 የተሠሩትንና የ2012ቱን በአሜሪካ ለጥገና ጠርቷል። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ የሻሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገብተው ሥራው መሠራቱን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ተሠርቷል ቢባልም በራስ መፈተሽ አምስት ደቂቃ አይወስድም። ሞተሩን በመካከለኛው መቆሚያ ላይ አቁመው፣ ማርሹን ነጻ አድርገው የኋላውን ጎማ በእጅ ያዙሩ። አንድ ሰው የግራውን የፊት ካሊፐር ወደ ሲሊንደሩ አቅጣጫ በእጁ ሲገፋ የኋላው ጎማ መያዝ አለበት፤ ሲለቀው ደግሞ ወዲያው በነጻ መዞር አለበት። ከለቀቀ በኋላ ከያዘ ሞተሩን አይንዱት። ሌላው ምልክት ሙቀት ነው። ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ከነዱ በኋላ የኋላው ዲስክ ከፊቶቹ በጣም ከሞቀ እየተፈተገ ነው። በመግቢያዬ የጠቀስኩት «ሲገፋ አይንከባለልም» የሚለው ቅሬታም ብዙ ጊዜ እዚሁ ያልቃል።

መከላከያው የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው፤ ሞተሩ ቢነዳም ባይነዳም። ዶት 4 ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል። አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ የጠገበው ግን በመስፈርቱ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያ ልዩነት በእግርና በእጅ ይሰማል፤ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ሲቀየር ከየካሊፐሩ ብቻ ሳይሆን በሁለተኛው ማስተር ሲሊንደር በኩልም ንጹሕ ዘይት እስኪያልፍ መሳብ ያስፈልጋል፤ የሚዘነጋው ይሄኛው ነው፤ የሚደፈነውም ይሄኛው። በቫኪዩም መሳቢያ የሚሠሩ ሰዎች የማያቋርጥ ትንንሽ አረፋ ሲያዩ ይደናገጣሉ፤ አብዛኛው በቫልቩ ጥርስ በኩል የሚገባ የውጭ አየር ነው፤ ጥርሱ ላይ ጥቂት ግራሶ ሲደረግ ይቆማል። የተከፈተ ጠርሙስ ለሚቀጥለው ጊዜ አያስቀምጡ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ በጨርቅ ከመጥረግ በፊት ብዙ ውሃ ያፍስሱበት። የፍሪሲዮኑም መስመር የሚሠራው በዚሁ ዘይት ነው፤ አብሮ ይቀየር።

የቀረው ጥገና በአብዛኛው ቀላል ነው። የሞተር ዘይቱ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ያህል ይወስዳል፤ ለእርጥብ ፍሪሲዮን (በሞተሩ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ) የተፈቀደ ይሁን፤ የመኪና «ነዳጅ ቆጣቢ» ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። የኋላ ማርሽ ቤቱ የራሱ የሃይፖይድ ዘይት አለው፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በቀድሞው ጂኤል 1500 የኋላ ጎማ ሲወልቅ የማርሽ ጥርሶቹ ስለሚታዩ ሰው በሞሊብዲነም ግራሶ ይቀባቸው ነበር። በጂኤል 1800 ጎማው በዳዶ ብቻ ስለሚወልቅ ጥርሶቹ አይታዩም፤ ስለማይታዩም ይረሳሉ። በየሦስተኛው የኋላ ጎማ ቅያሪ የማርሽ ቤቱን አውልቆ የካርዳኑን (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ዘንግ) ጥርስ መቀባት ጥሩ ልማድ ይመስለኛል። የራዲያተር ፈሳሹ ሲሊኬት የሌለበት ይሁን፤ ሲሊኬቱ የውሃ ፓምፑን ጎሚኒ እንደ አሸዋ ይፈትገዋል። የአየር ፊልትሮው በየ19,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል፤ ዕቃው ርካሽ ነው፤ ግን እሱ ጋ ለመድረስ የላይኛው የፕላስቲክ ሽፋን በሙሉ ይወልቃል። ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ይሰበራል፤ ክፍሉን ያሙቁ። ቡሎኖቹን በካርቶን ላይ የሽፋኑን ሥዕል ስለው በየቦታቸው ይሰኳቸው፤ ርዝመታቸው ይለያያልና። እዚያ ድረስ ከደረሱ ከታች ያሉትን የጎማ ቱቦዎችም ይመርምሩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ለመክፈት ማንም አይቸኩልም።

ስለ ጭነት ብዙ የሚባል የለም፣ ግን የሚባለው ወሳኝ ነው። የጎን ሳጥኖቹና የኋላው ትልቁ ሳጥን እያንዳንዳቸው 9 ኪሎ ነው የተፈቀደላቸው። ሳጥኑ ሰፊ ስለሆነ ሰው 20 ኪሎ ይከታል። ከኋላው አክስ ጀርባና ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክብደት ፊቱን ያቀለዋል፤ የፊት ጎማ ሲቀል መርገብገብም መዋለልም ይጠራል። ከባዱ ዕቃ በጎን ሳጥኖቹ ታች፣ ግራና ቀኝ እኩል ይሁን፤ ላይኛው ሳጥን ለጃኬትና ለዳቦ ይቅር።

በዝግታ ሲዞሩ መሪው ታጥፎ ሳለ የእጁን ፍሬን መንካት ይህን ሞተር የሚጥለው ዋነኛ ስህተት ነው። ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዘው፣ ነዳጁን ረጋ አድርገው፣ ፍጥነቱን በእግር ፍሬን ብቻ ይቆጣጠሩ፤ ጠጠር ላይ ግን ፔዳሉ የፊቱንም እንደሚይዝ አስታውሰው በለስላሳው። ከወደቀም የፊትና የኋላ መከላከያዎቹ ላይ ስለሚያርፍ ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ሞተሩን ያጥፉ፤ ማርሽ ውስጥ ይክተቱት፤ በቀኝ ከወደቀ ከማንሳትዎ በፊት የጎን መቆሚያውን ይዘርጉ። መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ወደቀበት ጎን ያዙሩ፤ ጀርባዎን ለመቀመጫው ሰጥተው፣ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ ሌላው የተሳፋሪው መያዣ ላይ አድርገው በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይራመዱ። የሚያነሳው እግር ነው። ወገቡን አጥፎ ፊት ለፊት የሚያነሳ ሰው ሞተሩን ሳይሆን ጀርባውን ያጣል።

ማንኛውም ለውጥ ከተደረገ በኋላ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጭነት፣ በአንድ የጎማ አየር መፈተን አለበት፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ጎማና ሞላ በአንድ ቅዳሜ ከተቀየሩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ደብተር ላይ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የቀዝቃዛ ጎማ አየሩ፣ የኋላው ጥንካሬ ቁጥር፣ የተለካው ዝቅታና የጎማዎቹ አራት አሃዝ ይጻፍ። የፍሬን ዘይቱ የተቀየረበት ቀን ግን ደብተሩ ላይ ብቻ አይቅር፤ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በማስተር ሲሊንደሩ ክዳን አጠገብ ይለጠፍ። ሞተሩ ሲሸጥ ደብተሩ ቤት ሊቀር ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ከሞተሩ ጋር ይሄዳል።